የተፈናቀለ የለም ማለት የተጎዳ የለም ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ዘንድሮው ክረምት ጎርፍ ባለፈው እሑድ ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አንባቢ አይቶታልና አልደግመውም። ስለ አፋር የጻፋችሁት እውነት ነው። ስለ ጣና ዙሪያ የጻፋችሁትም እውነት ነው፤ የርብና የጉማራ ወንዞች በሞሉ ቁጥር የፎገራ ገበሬ የሚደርስበትን እኛም በራሳችን እናውቀዋለን። ያናደደኝ መጨረሻው አካባቢ የገባው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ውኃ ማሳ ላይ ቢተኛም የተፈናቀለ ሰው ስለሌለ አስቸኳይ እርዳታ አላስፈለገም ይላል።

አላስፈለገም ያለው ማን ነው? ዘጋቢው ማንን ጠይቆ ነው? እኔ የምኖረው ትልቁ አቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ከመግባቱ በፊት በሚንጣለልበት ሜዳ ላይ ነው። የአካባቢያችን እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ የማን ቤት ውኃ እንደገባ፣ የማን ማሳ እንደጠፋ ከእኔ የሚሰወር የለም። እኛ ዘንድ የመጣ ጋዜጠኛ የለም፤ ስልክም የደወለልን የለም።

ነገሩ በጋዜጣ ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ማክሰኞ ዕለት የዘር ጥያቄ ይዘን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ኃላፊው ጥያቄያችንን እስከ መጨረሻ ሳይሰማ ስልኩን አውጥቶ የእናንተኑ ዘገባ አነበበልን። «ይኸው ጋዜጣውም አላስፈለገም ይላል» ብሎ ሸኘን። እናንተ በአንድ መስመር ያለፋችሁት ነገር እኛ ላይ በር መዝጊያ ሆነ።

የተፈናቀለ የለም ለሚለው መልስ አለኝ። ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው አለመኖሩ እውነት ነው፤ ትምህርት ቤትም የተጠለለ የለም። ለምን? ውኃው በሌሊት ሲገባ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያለ ዘመድና ጎረቤት በሩን ከፍቶ ስለተቀበለ ነው። አራስ ይዞ የወጣ ቤተሰብ እስከ ዛሬ በአክስት ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ሽማግሌዎች በየልጆቻቸው ቤት ተከፋፍለው ገብተዋል፤ ከብቶቹ በየሰው በረት ታጉረዋል። ይህን ሁሉ ሰው ያስጠጋው እንደኛው ጎተራው የተመናመነ ሰው ነው። ታዲያ ሸራ ስላልተወጠረለት ቤቱ አልፈረሰም ልትሉ ነው? እርስ በርስ በመደጋገፋችን ከመዝገብ ልንወጣ ነው?

ደግሞስ ገበሬ የሚፈናቀለው ከቤቱ ብቻ ነው እንዴ? የእኛ መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፉ የተዘራው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ዘጋቢው መጥቶ ቢሆን ኖሮ ውኃው ሲሸሽ የሚቀረውን አሳየው ነበር። ቡቃያው እንደ ክር ቀጥኖ አፈር ላይ ተለጥፏል፤ በላዩ ግራጫ ጭቃ ደርቆበታል፤ በጣት ሲነካ ከነሥሩ ይነሣል። መሐል መሐሉ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የተቀዳደደ ጫማ፣ የመኪና ጎማ ተጋድሞበታል። ሽታው ደግሞ የጭቃ ሽታ አይደለም። ወንዙ ከላይ ይዞት የሚመጣው የፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። ባለፈው ዓመት የምትታለብ ላም ውኃው ከተኛበት ሣር ግጣ ሞታብኛለች፤ ምን እንደገደላት የሚያይ ሐኪም ተለምኖም አልመጣም። ልጆቼ ወተት የሚያገኙት ከእሷ ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን «ማሳ ላይ ተኛ» ተብሎ የታለፈው ውኃ ምን ዓይነት ውኃ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ዘገባችሁ የከተማዋ የፍሳሽ መስመር ሥራ ጎርፍን ቀነሰ ብሎ አመስግኗል። በመሐል ከተማ ቀንሶ ከሆነ ደስ ይለናል፤ እዚያም ወገኖቻችን አሉ። ግን ውኃው የት ሄደ? እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ እኛ ያለንበት 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከላችን ያለው ርቀት ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ድሮ ያ ዝናብ በሣሩ፣ በደኑ፣ በየጓሮው እየሰረገ ቀስ ብሎ ነበር የሚመጣው። ዛሬ ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ንጣፍ ድንጋይ ላይ ወርዶ በቱቦ ተጠራርጎ ወንዝ ይገባል። ከተማው ውኃውን በፈጠነ መጠን ባስወገደ ቁጥር እኛ ላይ የሚደርሰው በዚያው ፍጥነት ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ መጨረሻቸው አባ ሳሙኤል ነው፤ እሱ ደግሞ በደለልና በእንቦጭ ተጨናንቋል። ከዚያ የተረፈው ወደ አዋሽ ይወርድና ታች ያሉትን ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ የከተማው ሥራና የእኛ ጎርፍ የአንድ ዘገባ ሁለት ገጽ ናቸው። እናንተ አንደኛውን ገጽ አትማችሁ ሌላኛውን ተዋችሁት።

ከመንግሥት በኩል ያለው ችግር የገንዘብ ብቻ አይደለም። የማን ነን? አንዱ ቢሮ «እናንተ የከተማው ናችሁ» ይለናል፤ ሌላው «የእርሻ ጉዳይ ከሆነ የክልሉን ጠይቁ» ይለናል። በኦሮሚያ ክልል ሥር ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤቴ በሌላ አስተዳደር ሥር ነው፤ ያጥለቀለቀን ውኃ ግን አንድ ነው። ማስጠንቀቂያውም እንዲሁ ነው። በሬዲዮ «በአዋሽ ተፋሰስ ያላችሁ ተጠንቀቁ» ሲባል የእኛ ሰው አፋር ነው የሚመስለው፤ አቃቂ የአዋሽ ገባር እንደሆነ፣ እኛም ላይኛው አዋሽ ውስጥ እንደምንገኝ የነገረን የለም። «ዛሬ ማታ አቃቂ ይሞላልና ከብታችሁን አውጡ» የሚል በቀበሌ ደረጃ አልሰማንም። ከእኛ በስተምዕራብ በበቾ ሜዳ ያለው ገበሬም አዋሽ ሲሞላበት ዕጣው ያው ነው።

ስለ ውጭ እርዳታ ደግሞ ዘገባችሁ ለጋሾች ፈጥነው ደረሱ ይላል። ለማን ደረሱ? በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት አጥለቅልቆ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ ቀናት ሳይቆጠሩ ኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ዳሰነች ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። ዓለም የኢትዮጵያን ጎርፍ ያወቀው ያኔ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ማዕከላዊ የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ፈንድም ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር፤ ዓላማው ሕይወት ማዳን ነው። ይህን አልነቅፍም። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ በሶማሌ ክልል በመቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ በጎፋ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሲቀብር ቅድሚያ ለእነሱ መሆን ነበረበት፤ ዛሬም እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ለእነሱ ይቅደም እላለሁ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የሚለቀቀው ገንዘብ በአብዛኛው ከወረዳ ተነሥቶ ወደ ላይ በሚላክ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ነው፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ ደምቆ የሚታየው የሞተና የተፈናቀለ ነው። ማሳው የጠፋበት ሰው ወይ የለም፣ ወይ ከሁሉም በታች ነው። ውኃው የወሰደው የዓመት ቀለብ ግን ረሃብ ሆኖ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጎርፍ ነው የሚለው የለም።

የውጭ ገንዘብ እኛ አጠገብ አልደረሰም ማለት ግን አይቻልም። የአባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡን ለማደስ የተቻለውን ያህል ከግድቡ በላይ ላለው ገበሬ ማሳ መከላከያ መሥራት ያልተቻለው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እናንተ ጠይቃችሁ ቢሆን ኖሮ ገጹ ሙሉ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ጊዜ የለምና። ጥቁር አፈር አንድ ጥሩ ነገር አለው። ውኃው ሲሸሽ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ጤፉ የጠፋበት ማሳ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ሽምብራ ወይም ጓያ ቢዘራበት በዚያው እርጥበት ያፈራል። አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ የግብርና ባለሙያም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው አንድ ኩንታል ገደማ የሽምብራ ዘር ነው። እንደ አረርቲ ያሉ የሽምብራ ዝርያዎች የወጡት ከዚሁ ከቢሾፍቱ፣ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ከእኛ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ከውጭ አገር በመርከብ የሚመጣ ነገር አልጠየቅንም። መስከረም አጋማሽ ካለፈ ግን መሬቱ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ዘሩም ቢመጣ የሚዘራበት አይኖርም። ከዚያ በኋላ ኅዳር ላይ ስንዴና ዘይት ጭኖ መምጣት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ገበሬውን ራሱን የሚያስችለው ዘር በሰዓቱ ቢደርስ ለስንዴው የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ለባሰበት ይተርፍ ነበር።

እኔም ዘር ሊያበድረኝ የሚችል ሰው አጥቻለሁ። በሌላው ዓመት አንዱ ሲጎዳበት ከሌላው ይበደር ነበር፤ ዘንድሮ በወንዙ ዳር ያለው ሁሉ እኩል ነው የተመታው። ነጋዴ ዘንድ ያለው ሽምብራ ለወጥ የመጣ ነው፤ ይበቅል አይበቅል አይታወቅም፤ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ባለቤቴ ለዘመን መለወጫ ያስቀመጠቻቸውን ዶሮዎች ሸጣ ለዘር የሚሆን ገንዘብ ይዛለች፤ ዘሩ ግን የለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ስህተት መሆኑን በመጪው እትማችሁ በግልጽ አርሙ፤ ኃላፊው ያነበበልን እሱን ስለሆነ ማረሚያውንም ወስደን እናነብለታለን። ሁለተኛ፣ ዘጋቢያችሁን ላኩልን። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ማሳ ስፋት፣ ምን እንደተዘራበትና ምን ያህሉ እንደጠፋ በእድራችን መዝገብ ላይ በስም ተጽፏል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ምስክር ሆኖ ፈርሞበታል። ወረዳውም፣ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም፣ ማንም ለጋሽ ድርጅትም ሊያየው ይችላል። ዘጋቢው ግን መስከረም ሳይጋመስ ይምጣ፤ ቦት ጫማም ይዞ ይምጣ፣ መንገዱ ገና አልደረቀም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአቃቂ ወንዝ ዳር ገበሬና የእድር ጸሐፊ