ድንብላል አበበ ማለት ከሸፈ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጓሮ አትክልት ዓምዳችሁ ስለ ድንብላል አዘራር የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ይህን ቅመም በየቤቱ ማብቀል እንደሚቻል ማሳሰባቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ዘሩ በሣጥን ፈልቶ ችግኙ ወደ መደብ እንዲዛወር፣ ተክሉ አገዳ አውጥቶ ማበብ ከጀመረ ደግሞ «ከሽፏል» ተብሎ እንዲነቀል መምከራቸውን ልቀበለው አልቻልኩም። ኮተቤ በሚገኘው ጠባብ ጓሮዬ ለቤቴ በርበሬና ለሚጥን ሽሮ የሚበቃኝን ድንብላል ለብዙ ዓመታት ስዘራ ኖሬያለሁና፣ አንደኛው ምክር ሁለተኛውን ችግር እንደሚወልድ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ድንብላል የካሮት ዘመድ ነው። እንደ ካሮት ሁሉ ዋና ሥሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ስለሚሰድ፣ ሥሩ ሲነካበት አይወድም። ካሮትን ችግኝ አፍልቶ የሚያዛውር ሰው የለም፤ ድንብላልንም እንደዚያው በሚያድግበት ቦታ መዝራት ይገባል። ከሣጥን ተነቅሎ የተተከለ ድንብላል ቢጸድቅ እንኳ ሥሩ ስለ ተጎዳ ቅጠሉን ሳያበዛ ቶሎ ወደ አበባ ይሮጣል። ጸሐፊው «ከሸፈ» ያሉት ተክል ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ዘሩን በተመለከተ በእሽግ የሚሸጠውን ብቻ መፈለግ አያስፈልግም፤ ከገበያ ለበርበሬ ተብሎ የሚገዛው ድንብላል፣ ያልታመሰና ብዙ ዘመን ያላስቆጠረ እስከሆነ ድረስ፣ በደንብ ይበቅላል። ለመተማመን ዐሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለዐሥር ቀን ያህል ማቆየት ነው፤ ስድስት ወይም ሰባቱ ካጎነቆሉ ዘሩ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ክቡ የድንብላል ፍሬ በውስጡ ሁለት ዘር የያዘ መሆኑን ነው። ስለዚህ ፍሬውን በጠረጴዛ ላይ አድርጎ በጠርሙስ ቀስ ብሎ በማሸት ሳይደቅቁ ለሁለት መክፈል፣ ከዚያም ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ብቅለቱን ያፋጥነዋል። በማግሥቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ፈር ተዘርቶ በስሱ አፈር ይለብሳል። በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ለመብቀል ሁለት ሳምንት ቢፈጅበት መደናገጥ አይገባም። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ረዘም ጠበብ ያሉና ድንብላልን ፈጽሞ የማይመስሉ በመሆናቸው፣ እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት አረም መስለውኝ ግማሹን መደብ ነቅዬ ጥያለሁ። የታወቀው ክፍልፋይ ቅጠል የሚመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው።

አፈሩ ውኃ የሚያሳልፍ ሊሆን ይገባል። ዋልካ ላይ የሚኖሩ ሰዎች መደቡን ከፍ አድርገው በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቢቀላቅሉበት ይጠቀማሉ፤ በሐምሌ ጎርፍና በረዶ ውስጥ የተዘራ ድንብላል ግን መሬቱ ምንም ቢሆን ከሥሩ ይበሰብሳል። በእኔ ልምድ ደኅናው ጊዜ ዝናቡ መቅለል ሲጀምር፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ነው። አፈሩ ገና እርጥበት አለው፤ ፍሬው የሚደርሰውም በደረቁ ወራት፣ በታኅሣሥና በጥር ነው።

አሁን ወደ አበባው ልመለስ። ቀኑ በበጋ እጅግ በሚረዝምባቸው አገሮች ድንብላል የቀኑን መርዘም ተከትሎ ቶሎ ስለሚያብብ፣ ለሰላጣ ቅጠሉን ብቻ የሚፈልጉ አትክልተኞች ማበቡን እንደ ጉዳት ይቆጥሩታል፤ ዘግይተው የሚያብቡ ዝርያዎች ተመርጠው በእሽግ የሚሸጡትም ለዚሁ ነው። በእኛ አገር ግን ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ተክሉን ያለጊዜው ወደ አበባ የሚያጣድፉት በአብዛኛው ሙቀት፣ የውኃ እጥረትና የሥር መጎዳት ናቸው። ከዚህም በላይ በአብዛኛው ቤታችን ከድንብላል የሚፈለገው ፍሬው ነው፤ ሳያብብ ደግሞ ፍሬ ከየት ይመጣል? ቅጠሉን የሚወድ ሰው በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየዘራ፣ አገዳው ሳይወጣ ከውጭ በኩል ያለውን ቅጠል መቁረጥ ይችላል። ለፍሬ የታሰበው ግን በየመካከሉ ዐሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪራራቅ ድረስ ይሳሳና ይተዋል። ነጭና ፈዛዛ ሮዝ አበባው ንብን ከመሳቡም በላይ ክሽክሽ የተባለውን ቅጠል መጣጭ ተባይ የሚበሉ ነፍሳትን ስለሚጠራ፣ ጎመኔ አጠገብ ስዘራው ደስ እያለኝ ነው።

ስለ አሰባሰቡ ጽሑፉ ምንም አለማለቱ አሳዝኖኛል። አረንጓዴው ፍሬ ትኋን ትኋን ይሸታል፤ ያንን ሽታ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ፍሬው ሲበስል እየቀነሱ መልካም ጠረን ያለው ሊናሎል የተባለው ንጥረ ነገር እየበዛ ስለሚሄድ፣ ቸኩሎ የተሰበሰበ ድንብላል በርበሬን ያበላሻል። ከፍሬው ሁለት ሦስተኛው ወደ ቡናማነት ሲለወጥ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ አጭዶ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ቁልቁል በጥላ መስቀል፣ ሲደርቅም አሽቶ በሰፌድ ማበጠር ይገባል። ከዚያ ላይ ለዘር የሚሆነው እፍኝ ቀሪው ለበርበሬ ከመታመሱ በፊት ይነሣል። እኔ ይህን ከረሳሁባቸው ዓመታት በአንዱ፣ በራሴ ጓሮ የበቀለውን ዘር ከጎረቤቴ ለምኜ ለመውሰድ ተገድጃለሁ።

ነሐሴ እየተገባደደ ስለሆነ፣ አንባቢዎቻችሁ ሣጥን ገዝተው ችግኝ ማፍላት ሳይጀምሩ እርማቱ በሚቀጥለው ዕትም እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፤
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ