መከላከያው የቆመው ምን ለማስቆም ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመሀል ከተማ መንገድ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚያስተናግዱ ምግብ ቤቶች ፊት ለፊት ስለሚቆሙት መከላከያዎች የተነሳው ክርክር «መንገዱን ያበላሻሉ» እና «ተመጋቢውን ይጠብቃሉ» በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል ተወስኖ ቀርቷል። ሁለቱም ወገኖች የዘለሉት ጥያቄ አለ፤ መከላከያው የቆመው ወሰን ለማሳየት ነው ወይስ መኪና ለማስቆም?

የእንጨት አጥር፣ ገመድ የተዘረጋባቸው ምሰሶዎችና ባዶ የፕላስቲክ መከላከያ ወሰን ከማሳየት አያልፉም። ፕላስቲኩ ክብደት የሚያገኘው ከሚሞላበት ውሃ ነው፤ 400 ሊትር የሚይዘው ሲሞላ 400 ኪሎ ይጨምራል፣ ባዶውን ግን ሰው ገፍቶ ያንሸራትተዋል። ውሃው ከታች ባለው መክደኛ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ሲያልቅ ከውጭ አይታወቅም። በየሳምንቱ የላዩን ክዳን ከፍቶ መጠኑን ማየትና የጎደለውን መሙላት የግድ ነው፤ ይህን የሚሠራ ሰው ካልተመደበ ባይቀመጥ ይሻላል፣ ተመጋቢው ተጠብቄአለሁ ብሎ ጀርባውን ለመኪና ሰጥቶ ይቀመጣልና።

3 ሜትር ርዝመትና 81 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የተለመደው የኮንክሪት መከላከያ ወደ 1,800 ኪሎ ይመዝናል። እሱም ቢሆን በዋናነት የተሠራው ከመስመሩ ወጥቶ በጎን የሚጋጨውን መኪና ለመመለስ ነው። መሬት ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ከሆነ በኃይል ሲመታ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ነጠላው ደግሞ ጫፉን ሲመቱት ይዞራል። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉት በብረት ቀለበትና በፒን መያያዝ አለባቸው፤ ወንበርም አስደግፎ ማስቀመጥ አይገባም። ከሁሉ የከፋው ቦታ መኪና በሚመጣበት በኩል ያለው ጫፍ ነው። እዚያ ጋ ጠረጴዛ መቀመጥ የለበትም።

ፍጥነትም አይረሳ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የሚይዘው የግጭት ጉልበት፣ ያው መኪና በ30 ሲሄድ ከሚይዘው 2.8 እጥፍ ገደማ ነው። በእኛ እምነት መንገዱ ላይ ፍጥነት መቀነሻ መሥራት ብሎክ ከመደርደር ይቀድማል።

የአበባ ሣጥን የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ እኛም አንጠላውም። ነገር ግን 60 ሴንቲ ሜትር ሣጥን ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ተክል ሲያድግበት ዜብራው አጠገብ የቆመ ሕፃን አስፋልቱን እስኪረግጥ ድረስ ለሹፌር አይታይም። ከእግረኛ ማቋረጫው በፊት 6 ሜትር ያህል ምንም ነገር ሳይቆምበት ክፍት ይተው።

በእግረኛ መንገዱ በኩል ሁለት ዊልቸሮች ለመተላለፍ 1.5 ሜትር ያስፈልጋቸዋል። ተዘርግቶ የተንጠለጠለ ገመድን የዓይነ ስውር በትር ከሥሩ ያልፈዋል እንጂ አያገኘውም፤ አጥሩ መሬት አካባቢ አግዳሚ ይኑረው፣ ወደ እግረኛው የሚወጣ እግር ግን አይኑረው። ብሎኮቹም የዝናብ ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከሥራቸው ያስፈልጋቸዋል። በጎርፍ መውረጃው ላይ የሚነጠፈው የእንጨት ወለል ተነሥቶ የሚጠረግበት ክፍል ከሌለው ቅጠልና ናፕኪን ይደፍነውና ውሃው ወደ እግረኛው ይወጣል።

ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ከእያንዳንዱ አመልካች የእያንዳንዱን መከላከያ ዓይነት፣ ክብደት፣ ማያያዣና ከወንበር ያለውን ርቀት የሚያሳይ ንድፍ ይጠይቅ፤ የፕላስቲኩን ውሃ በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ስምም በዚያው ላይ ይጻፍ።