አስናቀች ወርቁ ተዋናይትም ነበረች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቀደምት ድምፃውያን ባወጣችሁት ጽሑፍ የአስናቀች ወርቁን ስም ሳይ ደስ አለኝ። ነገር ግን «ዝነኛዋ የክራር ተጫዋች» ብላችሁ አለፋችኋት። ክራሩስ እውነት ነው፤ ማን ይክደዋል? አስናቀች ግን በአገራችን መድረክ ላይ ከቆሙት ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ናት፤ ብዙዎችም ቀዳሚዋ ይሏታል። ይህ በአንድ መስመር እንኳ ሳይነሳ መቅረቱ ከነከነኝ።

ያኔ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሁላችንም ተረታቸውን እየሰማን ያደግነው አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በወጣትነታቸው ሴት ሆነው ተውነዋል። ሴቶቹ ከመድረክ የራቁት ችሎታ አጥተው አይደለም፤ ስሙን ፈርተው ነው። ቲያትር የምትሠራ ሴት «አዝማሪ» ትባል ነበር። ቃሉም ያኔ ስድብ ነበር፤ የቤተሰቧን አንገት ጭምር ያስደፋል።

ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት። ዘንድሮ 84 ዓመት ሞላት። ያደገችው ፒያሳ፣ ከሀገር ፍቅር ቲያትር ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ቲያትር ቤት ልቀጠር» ብላ ለአያቴ ብትነግራቸው፣ የጎረሱትን እንኳ ሳይጨርሱ እጃቸውን ታጠቡ። «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በቤቱ ተነስቶ አያውቅም። አክስቴ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች፤ እስከ ጡረታዋም በዚያው ሥራ ቆየች።

ብሔራዊ ቲያትር፣ በቀድሞ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ተመርቆ ሲከፈት አክስቴ ገና ልጅ ነበረች። ደመወዝ መብላት ስትጀምር ግን ለትኬት ከገንዘቧ እየቆጠበች መመላለስ ያዘች። አስናቀችን መድረክ ላይ ያየቻት ያን ጊዜ ነው። ባለፈው እሑድ ጋዜጣውን ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ከሣጥኗ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የተበላ የቲያትር ፕሮግራም አወጣች። መነጽሯን አጥልቃ ጣቷን በስሞቹ ላይ ስትነዳ ቆየችና አንዱ ላይ አቆመችው። «ይችውልህ፤ ከተዋንያኑ ጋር ነው የተጻፈችው» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም ይኸው ነው።

ስህተቱ ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። ዘፈን በሸክላና በካሴት ይቀራል። የአስናቀች ክራርም ዓለም በሚያውቀው በ«ኢትዮጲክስ» የአገራችን ሙዚቃ ተከታታይ 16ኛው ሲዲ ለብቻዋ ተሰጥቷት ዛሬም ይደመጣል። የትወናዋ ነገር ሌላ ነው። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እሷ መድረክ ላይ የወጣችው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብላ ነው። የሚቀርጻት ካሜራ አልነበረም። የዚያ ዘመን ትወና ያለው በተመልካቹ ልብ ውስጥ ብቻ ነው፤ ተመልካቹም እያለቀ ነው። እሷ ራሷ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ያሰማን ዘፈኖቿን ነበር። ሌላ ምን ያሰማን?

ስለዚህ የምለምናችሁ ከእርማት በላይ ነው። በየሳምንቱ አንዲት ጠባብ ዓምድ ስጡንና፣ በዚያ ዘመን አዳራሽ ገብቶ ያየ ሁሉ ያየውን ይጻፍ፤ መጻፍ ያቃተው እንዲናገር ጋዜጠኛ ላኩለት። የትኛውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተች? ምን ለብሳ ነበር? ሕዝቡ ያጨበጨበው የቱ ላይ ነው? በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው ፎቶና ፕሮግራምም ይውጣ። አክስቴ ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ብሏል እንጂ ያየችውን አልረሳችም። ከሰዓት በኋላ ቤት አትጠፋም። ፕሮግራሙን ግን ለማንም አታውስም፤ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይዛችሁ ብትመጡ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ