የእማማ መስቀል

ውድ እህቴ ሰብለ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ከተጻጻፍን ዓመታት ቢያልፉም ናፍቆቱ እንዳለ ነው። ሰሞኑን ታናሽ እህትሽን ገበያ አግኝቻት የእማማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የብር መስቀልና ድሪ አንቺ ዘንድ እንዳለ ነገረችኝ። ጠቁሮብሽ ወርቅ ልታስቀቢው እንዳሰብሽም ሰማሁ። እባክሽን አታስቀቢው!

ብሩ አልተበላሸም። በአየር ውስጥ ያለ ድኝ እየነካው ላዩ ላይ ስስ ጥቁር ሽፋን ሠርቶ ነው፤ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። የድሮ አንጥረኞች እንዲህ ያለውን ጌጥ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ማርትሬዛ የሚባለውን የድሮ የብር ገንዘብ አቅልጠው ነበር። ማርትሬዛ ከ100 እጅ 83 ያህሉ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ መዳቡም ለመጥቆሩ ያግዛል።

መስቀሉን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ እጠቢው፤ ከዚያም ባረጀ የነጠላ ቁራጭ በደንብ አድርቂው። አመድና የጥርስ ሳሙና ይፍቁታልና አታስነኪው። በአልሙኒየም ፎይል፣ በቤኪንግ ሶዳና በሙቅ ውሃ የሚያጸዱ ሰዎች አሉ፤ ጥቁረቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። እኔ ግን ለዚህ መስቀል አልመክረውም። የተቀረጸበት ሐረግ ጎልቶ የሚታየው ጎድጎዱ ውስጥ በቀረው ጥቁረት ነው፤ እሱ ሲነሣ መስቀሉ ገርጥቶ ይቀራል። ደግሞ ግርጌውን ልብ ብለሽ እዪው። እማማ ሲጸልዩ አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ላይ ሐረጉ ተልጎ ሊጠፋ ደርሷል። ያን የእጃቸውን አሻራ በወርቅ ቅብ መሸፈን እንዴት ያስችልሻል?

ስታስቀምጪው ከሱፍ ልብስ ጋር አታድርጊው፣ በጎማም አትሰሪው፤ ሁለቱም ድኝ አላቸው። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ክተቺው። ዶሮ ወጥ ስትሠሪ አውልቂው፤ ሽንኩርቱም እንቁላሉም ያጠቁሩታል። ሽቶና ቅባትም ቀድመሽ ተቀብተሽ ሲደርቅ አጥልቂው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አንገት ላይ ማድረግ ነው። በየቀኑ ከልብስና ከገላ ጋር ሲተሻሽ እንደ ልብ አይጠቁርም፤ የእማማ መስቀል አንገታቸው ላይ ሳለ ያበራ የነበረው ለዚህ ነው። ከማድረግሽ በፊት ብቻ ማንጠልጠያውን መርምሪ። ክሩ ለዓመታት በልቶት ሳስቶ ከሆነ አንጥረኛ በብር ያጠንክርልሽ። እንዴት ሆኖ እንዳገኘሽው ጻፊልኝ፤ ፎቶም ላኪልኝ።

ናፋቂሽ
ዘነበች