የጂኦግራፊ ክበብ፦ ጎርፍን በጠመኔ የለካንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን በአንድ ጥያቄ ነው የከረመው፦ ጎርፍ የሚያደርሰው ኪሳራ አስቀድሞ እንዴት ይገመታል? ለማሳያ የመረጥነው ካሊፎርኒያን ነው። እዚያ ከባዱን ዝናብ የሚያመጣው «የከባቢ አየር ወንዝ» ይባላል። ከፓስፊክ የሚነሣ ረጅምና ጠባብ የእንፋሎት ጅረት ነው። አንዱ በአማካይ የሚሸከመው ውኃ ሚሲሲፒ ወንዝ ባሕር ከሚያስገባው ጋር ይተካከላል። ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣና ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ያዘንበዋል።

ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። ዝቅተኞቹ ግድብ ስለሚሞሉ በረከት ናቸው። ከፍ ሲል ግን አንድ ደረጃ በጨመረ ቁጥር ኪሳራው አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የምዕራብ አሜሪካን የ40 ዓመት የጎርፍ ኢንሹራንስ መዝገብ አይቶ፣ 84 በመቶው ኪሳራ በእነዚህ የከባቢ አየር ወንዞች የደረሰ መሆኑን አሳይቷል። «ኢንሹራንስ የሌለውስ?» ብሎ አንድ ልጅ ጠየቀ። መዝገቡ ውስጥ የለም።

ጥር ላይ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ሦስት መስመር አሰመርን፤ 30፣ 60 እና 90 ሴንቲሜትር። ውኃው እዚህ ቢደርስ ቤታችሁ ምን ይበላሻል አልኳቸው። 30 ላይ ፍራሽና ምንጣፍ፣ 60 ላይ ፍሪጅ፣ 90 ላይ ቡፌና ቴሌቪዥን እያሉ ሲቆጥሩ አንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «እኛ ቤት 30 ላይ ሁሉም ያልቃል፤ ያለን ነገር በሙሉ መሬት ላይ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ ከዚህች ንግግር የመጣ ነው።

ባለሙያዎቹም የሚያሰሉት እንዲሁ ነው። የውኃው ጥልቀት ከቤቱ ዋጋ ስንት በመቶውን እንደሚያጠፋ ያያሉ፣ ከዋጋው ጋር ያባዛሉ። ስለዚህ የድሃ ቤት ሙሉ በሙሉ ቢወድም እንኳ ቁጥሩ ትንሽ ነው! በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. የእርሻ ሠራተኞች በሚኖሩባት የካሊፎርኒያዋ ፓሃሮ ከተማ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. የተሠራው የወንዝ መከላከያ ደካማ መሆኑ ለአሥርት ዓመታት ይታወቅ ነበር። የቤቶቹ ዋጋ ዝቅተኛ ስለሆነ ግን «አያዋጣም» እየተባለ ሲንከባለል ቆየ፤ በመጨረሻ ተፈቅዶ ሥራው ሳይጀመር ጎርፉ ቀደመና ሌሊት ጥሶ ገባ። ልጆቹ በጣም ተናደዱ። እኔም አብሬያቸው።

ግንቦት ላይ ቪላና ጭቃ ቤት አስበን፣ ሁለቱም ላይ 60 ሴንቲሜትር ውኃ አስገብተን ሁለት ሰንጠረዥ ሠራን። አንዱ ኪሳራውን በብር፣ ሌላው ቤተሰቡ የጠፋውን ለመተካት በሚፈጅበት የወር ገቢ ይቆጥራል። በብሩ ቪላው ቀደመ። በወሩ ጭቃ ቤቱ። ሁለቱም ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈዋል።