ውሃው ደፈረሰ ብለሽ እንዳትደፊው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። የዓሣ ገንዳው ያምራል። ጠጠሩን ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ አድርገሽ ማስተካከልሽን፣ ተክሎቹንም ሳታጨናንቂ መትከልሽን ወድጄዋለሁ። ከፎቶው ስር የጻፍሽው ግን አሳሰበኝ። «አባዬ፣ ውሃው ነጭ ሆኖ ቀረ። ቅዳሜ ሁሉንም ደፍቼ፣ በሳሙና አጥቤ፣ እንደ አዲስ ልጀምር ነው» ብለሻል። የኔ ልጅ፣ እባክሽ እንዳታደርጊው። በስልክ ከምነግርሽ ጽፌልሽ እየተመለስሽ ብታዪው ይሻላል ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

መጀመሪያ የድፍርሱን ዓይነት እንለይ። መፍትሔው እንደ ዓይነቱ ነው። ውሃ በሞላሽበት ቀን ግራጫ ሆኖ ቢታይሽ ኖሮ የጠጠር ብናኝ ነው እልሽ ነበር። አዲስ ጠጠርና አሸዋ እጣቢው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ካልታጠበ ብናኙ ገንዳ ውስጥ ይበተናል። እሱ ግን በአንድ ሁለት ቀን ወይ ይዘቅጣል፣ ወይ ውሃውን የሚያጣራው ፊልተር ይይዘዋል። ውሃው አረንጓዴ ቢሆን ደግሞ ተንሳፋፊ አልጌ፣ ማለትም በጣም ደቃቅ ተክል መሰል ነገር ነው። ብርሃን ሲበዛ ይመጣል፤ መብራቱን መቀነስና ገንዳውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ማራቅ ይረዳል። እንጨት ያስገባ ሰውም ውሃው ወደ ቡናማ ሲሄድበት ይደነግጣል። እሱ ከእንጨቱ የሚወጣ ታኒን የሚባል ውሃን የሚያቀልም ነገር ነው፤ ዓሦቹን አይጎዳም።

ያንቺ ከነዚህ አንዱም አይደለም። ውሃው መጀመሪያ ጥርት ያለ ነበር። ዓሦቹ ከገቡ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው ወተት ጠብ የተደረገበት የመሰለው። ይሄ ባክቴሪያ ነው። አዲስ ገንዳ የጀመረ ሰው አብዛኛው ያየዋል።

አሁን ገንዳሽ ውስጥ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ቦታ እየያዘ ነው። አንደኛው የተረፈ ምግብ፣ የዓሦቹን ቆሻሻና የበሰበሰ ቅጠል ይበላል። ሲመቸው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው እጥፍ ይሆናል። ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፈ ስለሚራባ፣ ሲበዛ ብርሃኑን ይበትነዋል። አንቺ ያየሽው ነጭ ነገር እሱ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ዓሦቹን በሕይወት የሚያቆይልሽ ነው። በፊልተሩ ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ዓሦቹ የሚያስወጡትን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ከሁለቱ ይልቅ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣል። ይህኛው ግን ዘገምተኛ ነው። እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሥራውን በደንብ እስኪይዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል።

ፈጣኑ ቀድሞ ይደርሳል፣ ውሃው ይነጣል። የሚበላው ሲያልቅበት ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ውሃውም በራሱ ጊዜ ይጠራል። አንዳንዴ በጥቂት ቀን፣ አንዳንዴ ከሳምንት በላይ ቆይቶ።

እና አሁን ሁሉንም ብትደፊው ምን ይሆናል? ቀስ ብሎ መጣበቅ የጀመረውን ጠቃሚውን ባክቴሪያ ታጥቢዋለሽ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ስትጨምቂው ደግሞ የቀረውን በቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው ጀርም ገዳይ ክሎሪን ይጨርሰዋል። ዓሦቹ በባልዲ ውስጥ ሲንገላቱ ይውላሉ። ከዚያ ገንዳውን እንደገና ትሞያለሽ፣ ትመግቢያለሽ፣ ውሃውም እንደገና ይነጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ። ሳሙናው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ምን ያህል ብታለቀልቂው ቅሪት ሊተው ይችላል፣ ትንሹም ለዓሣ መርዝ ነው። መስታወቱን በንጹሕ ውሃና ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ጨርቅ መወልወል ይበቃል።

ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ዋናው ነገር ይሄ ነው። ድፍርሱ ራሱ ዓሦቹን እምብዛም አይጎዳም። የሚገድላቸው በዓይን የማይታየው አሞኒያና ናይትራይት ነው። አሞኒያ የሚተነፍሱበትን አካል ያቃጥላል። ናይትራይት ደማቸው ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሁለቱም ቀለም የላቸውም። ስለዚህ እኔን የሚያስፈራኝ ውሃው የነጣበት ቀን ሳይሆን የጠራበት ቀን ነው። ሰው ውሃው ጠራ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ሄዶ ሌላ ዓሣ ገዝቶ ይጨምራል። ዘገምተኛው ባክቴሪያ ግን ገና አልደረሰም። አሞኒያው ይከመራል፣ ዓሦቹም አንድ በአንድ ያልቃሉ። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ለምን ሞቱ ብሎ ግራ የሚጋባው ሰው ብዙ ነው። ውሃው ሲጠራ ደውለሽ ብታበስሪኝ ደስ ይለኛል፤ ግን በዚያው ቀን ዓሣ አትጨምሪ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ከሁሉ በፊት ምግቡን ቀንሺ። ልብሽን አውቀዋለሁ፣ የራበው አይተሽ ማለፍ አትችዪም። ዓሣ ደግሞ ወደ መስታወቱ በቀረብሽ ቁጥር የራበው ይመስላል፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነው። በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጪ። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ባትመግቢው ጤነኛና ያደገ ዓሣ ምንም አይሆንም። የተረፈ ካለ አውጪው። ነጩን ባክቴሪያም፣ አሞኒያውንም የሚቀልበው ያ ትርፍራፊ ነው።

ሁለተኛ፣ መለካት አለብሽ። በጠብታ የሚሠራውን የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ ግዢ። ለነዚህ ሳምንታት በየቀኑ ለኪና ቁጥሩን በማስታወሻ ጻፊ። የምንፈልገው ሁለቱም 0 እንዲሆኑ ነው። ከሁለቱ አንዱ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ከደረሰ ሩቡን ውሃ ቀይሪ። በማግስቱም እዚያው ከሆነ ድገሚው። አሞኒያ ውሃው ሲሞቅና ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ያንሳል) ከፍ ሲል ይበልጥ መርዛማ ስለሚሆን ቁጥሩን ብቻ አይተሽ ትንሽ ነው አትበዪ። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ይቀራረብ፣ የክሎሪን ማርከሻም ጨምሪበት። ውሃውን በባልዲ አንድ ቀን አሳድሬ እጠቀማለሁ ያልሽው ለክሎሪን ሊሠራ ይችላል። ብዙ ቦታ ግን ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ በተዋሃዱበት ነገር ነው፤ እሱ በማደር ብቻ አይለቅም። ማርከሻው ላይ ክሎራሚንንም እንደሚያክም የተጻፈበትን ምረጪ።

አየርም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ባክቴሪያ ኦክስጅን ይጠቀማል፣ ለዓሦቹ የሚቀረው ያንሳል። የፊልተሩ መውጫ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ አድርገሽ አስተካክዪው፤ የአየር ፓምፕ ካለሽም ክፈቺው። ማታ ድምፁ እንቅልፍ ከለከለኝ ብለሽ ፊልተሩን እንዳታጠፊ። ውሃ ካልዞረበት ስፖንጁ ላይ ያለው ባክቴሪያ ታፍኖ ይሞታል። ስፖንጁ ተደፍኖ ውሃ ማሳለፍ ካቃተው ብቻ፣ ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ውስጥ ቀስ ብለሽ እጠቢው።

ውሃ አጥሪ ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ አለ። ብናኙን አያይዞ ፊልተሩ እንዲይዘው ያደርጋል እንጂ አሞኒያውን አይነካውም። እኔ ብሆን ለዚህ ገንዘብ አላወጣም። በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ ሊያግዝ ይችላል፣ ግን መለካቱን አያስቀርልሽም። ከሁሉም የሚሻለው የቆየና ጤነኛ ገንዳ ካለው ወዳጅ ቁራጭ ስፖንጅ መለመን ነው። እርጥብ እንደሆነ አምጥተሽ ፊልተርሽ ውስጥ ጣል አድርጊው፤ ሳምንታት ያሳጥርልሻል። ዓሣ የታመመበት ገንዳ ከሆነ ግን ይቅርብሽ።

ዓሦቹን እያየሽ ቆዪ። ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ከፈለጉ፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ክንፋቸውን አጣብቀው ጥግ ከያዙ፣ የመለኪያ ውጤት ሳትጠብቂ እስከ ግማሽ ውሃ ቀይሪ። በደንብ እየዋኙና እየበሉ ከሆነ ግን ነጩ ውሃ አያስደንግጥሽ፣ ተዪው።

ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎም ካልጠራ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ከድንጋዩ ጀርባ የሞተ ዓሣ ወይም የበሰበሰ ቅጠል ካለ ፈልጊ፣ ዓሣውም በዝቶ እንደሆነ እንይ።

አሁን ዓሦቹ ስንት እንደሆኑና ገንዳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ አልነገርሽኝም። እሱን ጻፊልኝ። መመርመሪያውን እንዳገኘሽ ከገንዳው ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ከቧንቧ የቀዳሽውንም ውሃ ለየብቻ ለኪና ሁለቱንም ቁጥር ላኪልኝ። ክሎራሚን ካለበት ከቧንቧው ራሱ አሞኒያ ሊመጣ ስለሚችል፣ በየስንት ቀኑ እንደምትቀይሪ ያንን አይተን እንወስናለን።

የሚወድሽ አባትሽ