እማዬ፣ አይዞሽ አትስጊ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? በስልክ «ብየዳ ዓይን ያጠፋል» ብለሽ ስትጨነቂ በቅጡ ሳልመልስልሽ ተለያየን። አሁን ረጋ ብዬ ልንገርሽ።

ስጋትሽ ልክ ነው። የብየዳው ብርሃን ዓይን ይጎዳል። አልሙኒየም ደግሞ ጨረሩን ስለሚያንጸባርቅ የተገለጠ አንገትም ያቃጥላል። ስለዚህ ማስኬን ሳላወርድ አልጀምርም፤ የመስታወቱ የጥቁረት ደረጃ ቁጥር 11 ነው። ሸሚዜም እስከ አንገቴ ይቆለፋል።

የምማረው ቲግ የሚባለውን ብየዳ ነው። በአንድ እጄ የኤሌክትሪክ እሳቱ የሚወጣበትን እጀታ፣ ቶርች የሚባለውን፣ በሌላው ቀጭን የአልሙኒየም ዘንግ እይዛለሁ። በእግሬ ፔዳል እየረገጥኩ ኃይሉን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ስፌት መኪናሽ ላይ እጅሽና እግርሽ እንዴት ይግባቡ እንደነበር አስቢው፤ የኔም ሥራ እንደዚያ ነው። አንቺ ብትሞክሪው ከኔ ቶሎ የምትለምጂው ይመስለኛል።

አልሙኒየም ግን አስቸጋሪ ነው። ብረት ሲግል ይቀላል፣ ሊቀልጥ መሆኑን አይተሽ ታውቂያለሽ። አልሙኒየም ሳይቀላ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ከላዩ ደግሞ አየር ሲነካው የሚፈጠር፣ በዓይን የማይለይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አለው፤ እሱ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ውስጡ ፈሶ ላዩ እንዳለ ይቆያል ማለት ነው። በኤሲ የሚበየደው ለዚህ ነው። አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ በአንዱ ዙር ሽፋኑን ይልጣል፣ በሌላው ያቀልጣል። አርጎን ጋዝ ደግሞ የቀለጠውን አየር እንዳያገኘው ይከልለዋል።

ጽዳቱን ብታዪ ደስ ይልሻል። መጀመሪያ ቅባቱን በአሴቶን እጠርጋለሁ። ቀጥሎ ለአልሙኒየም ብቻ በተለየ የማይዝግ ብረት ብሩሽ እፈትገዋለሁ። ቅባት ከቀረ ብየዳው ውስጥ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ፤ ንጹሕ አልሙኒየም ላይ የቀለጠው ክፍል እንደ መስታወት ሲያበራ ማየት ደስ ይላል።

ከሁሉም የሚከብደው ሙቀቱን መግራት ነው። ቁራጩ በሙሉ ቶሎ ስለሚግል፣ ወደ መጨረሻው ስጠጋ ፔዳሉን እያላላሁ መሄድ አለብኝ። አለዚያ ጠርዙ ይናዳል። ስጨርስም ቶርቹን ወዲያው አላነሳም። ብየዳው እስኪረጋ ጋዙ ይፈስበታል፤ ኃይሉንም ቀስ በቀስ ሳልቀንስ በድንገት ካቋረጥኩት ብየዳው መጨረሻው ላይ ይሰነጠቃል።

ለልምምድ የበየድኩትን በፎቶ እልክልሻለሁ። መስመሩ የት ጋ እንደተጣመመ አይተሽ ሳትደብቂ ንገሪኝ። መድኃኒትሽንም በሰዓቱ ውሰጂ፣ እሺ?

ልጅሽ